«አዎ» ያሉኝ ቄስ

ጡረታ በወጣሁ በአምስተኛው ወር፣ ለብዙ ዓመታት ነጭ ጋውን ለብሼ በተመላለስኩበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ካሉት አልጋዎች በአንዱ ላይ ተኛሁ። አንጀቴ ተጠምዝዞ ነበር። በእኛ ደጋ ወንዶች ላይ የተለመደ በሽታ ነው፤ በእጄ የታከሙት ቢሰበሰቡ አንድ ቀበሌ ይሞላሉ። ሐኪሙ የሞተውን ቁራጭ አውጥቶ ጤነኛውን ጫፍ ከጤነኛው ጫፍ ጋር ቀጠለው። በሦስተኛው ቀን ጧት ቁርጠቱ ጀመረኝ።

ስለዚህ ቁርጠት ለሰው ሳስረዳ ነው የኖርኩት። «አንጀትዎ ተኝቶ ነበር፣ አሁን እየነቃ ነው፣ አይዞዎ» እላለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ግን የሚነቃው አንጀት የራስ ሲሆን «አይዞዎ» የምትለው ቃል ብዙም አታደርስም። ከእምብርቴ በታች ይነሳና ወደ ግራ ጎኔ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ሁለት ሰው እርጥብ ጋቢ ወዲያና ወዲህ ይዞ ሲጨምቀው እንደሚሆነው ነው። ከዚያ ይለቀኛል። ሲለቀኝ ላቤን ጠርጌ ጣሪያውን አያለሁ፤ ሲመለስ ጥርሴን እነክሳለሁ።

በዚህ መሀል ትዕግሥት መጣች። ትዕግሥት የክፍሉ ነርስ ናት፤ ሥራ ስትጀምር መርፌ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት አቶ ደስታ ከባለቤታቸው ጋር ሊጠይቁኝ ከመዘዞ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ደስታ የልጄ አማት ናቸው፤ ጋብቻው ገና አዲስ ነው፤ ሁለታችንም አንዳችን ላንዳችን ካባችንን አስተካክለን የምንቀርብበት ጊዜ ነበር። ትዕግሥት ከእግርጌ ቆማ፣ ቻርቱን ገልጣ፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አየር ወጣልህ?»

«አዎ» አልኳት።

አልወጣም ነበር።

አየር የምንለው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ቃሉን አንድ ጊዜ በግልጽ ልጻፈውና ይለፍልኝ፤ ፈስ ነው። አንጀቱ የተቆረጠና የተቀጠለ ሰው እሱ እስኪወጣለት ድረስ በአፉ ምግብ አይወስድም። መውጣቱ አንጀቱ ዳር እስከ ዳር መሥራት መጀመሩን ይነግረናል። ሐኪም በመሣሪያ የሚያየው ብዙ ነገር አለ፤ ይህን ግን ከሕመምተኛው አፍ ነው የሚሰማው። በዚያች «አዎ» ላይ ግሉኮሱ ይነቀላል፣ አጥሚቱ ይቀርባል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ ሲዋሽ ምን እንደሚመጣም አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ቄስ በእጄ ሞተውብኛል።

የተወለድኩት ሰላ ድንጋይ ነው። ነርስነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት አንኮበር ጤና ጣቢያ ነበር፤ በመጀመሪያው ደመወዜ ካፖርት ገዛሁ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ደመወዝ የማስታውሰው ብዙ የለኝም። በአንኮበር ያለው ሕመምተኛ ዳገት ወጥቶ ነው የሚመጣው፤ ሊተርፍ የሚችለው ሰው በቃሬዛ ሲደርስ ከትንፋሹ ነበር የምናውቀው። ቀጥሎ ደብረ ሲና ተዛወርኩ። እዚያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ያመጣልንን ስንሰፋ ኖርን። ስፌት የተማርኩት እዚያ ነው። ሰው መጠየቅ ግን አልተማርኩም ነበር፤ አደጋ የደረሰበት ሰው ሳይጠየቅ ራሱ ይናገራላ።

መጠየቅ የተማርኩት ደብረ ብርሃን ከመጣሁ በኋላ ከሲስተር ዘነበች ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ሲስተር ዘነበች የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሴት። ጧት ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ይዘው ነው። ሻዩን ሲጠጡት አይቼ አላውቅም። እጃቸውን ነበር የሚያሞቁበት። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ሆድ ደንግጦ ይጠነክራል፣ ያኔ ደግሞ ከሕመም ይጠንክር ከብርድ አይለይም ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው አስታማሚ ማስወጣት ነው። «ውጡ» ብለው ግን አያውቁም። አንዱን ሙቅ ውሃ እንዲያመጣ፣ አንዷን ፋርማሲ እንድትሄድ፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ደጅ ላይ ያለውን ወንበር እንዲጠብቅላቸው ይልኩታል። የላኩት ነገር ሁሉ አስፈላጊ ነበር ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ሙቅ ውሃ ሲያመላልስ ውሎ «ይቺ ሴትዮ ልትቀቅለን ነው እንዴ?» ማለቱን አስታውሳለሁ። አልጋው ዙሪያ ሰው ሲያልቅ ከአልጋው ጠርዝ ይቀመጣሉ። ስለ ገብሱ፣ ስለ በጉ፣ ዝናቡ በሕመምተኛው ቀዬ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ በመጨረሻ፣ እጃቸው ሆዱ ላይ እንዳለ፣ ያችን ጥያቄ ያነሳሉ።

አጠያየቃቸውንም ነግረውኛል። «ወጣ ወይ ብለህ አትጠይቅ። አዎ ብሎ ይገላገልሃል። መቼ ነው የወጣልዎት በለው። ቀን መፈለግ ሲጀምር ከፊቱ ታየዋለህ» አሉኝ።

ቁርጠት የማባበል ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ጋቢውን አራት እጥፍ አጥፈው ስፌቱ ላይ ያሳቅፉታል፤ ሲያስል፣ ሲነሳ፣ ሲስቅ እሱን ወደ ሆዱ ይጫነዋል። በግራ ጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ያሳጥፉታል። ሕመሙ ሲመጣ ትንፋሹን እንዳይዝ፣ ቀስ ብሎ በአፉ እንዲያስወጣ አብረውት ይተነፍሳሉ። ከሁሉ በላይ ያስኬዱታል፤ ከአንዱ መስኮት እስከ ሌላው መስኮት፣ ግድግዳውን ይዞ። «አንጀት እግርን ተከትሎ ነው የሚነሳ» ይላሉ። የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር ነበር። የሚመጣና የሚሄድ ቁርጠት አያስፈራም። መጥቶ አልሄድ ያለውን ግን፣ ሕመምተኛው ባይጮህም፣ ሮጠህ ለሐኪም ንገር ይሉኝ ነበር።

ሲስተር ዘነበች ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለኔ ተሰጠ። ያኔ የነበሩን ሜዲካል ዳይሬክተር ወረቀት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ያልተጻፈ አልተሠራም ይሉናል። እኔም ጥሩ ጸሐፊ ሆንኩ። ሻዩን ግን ተውኩት። ብርጭቆ ይዞ መዞር ለክፍል ኃላፊ የሚመጥን አልመሰለኝም፤ አስታማሚ መላኩም ሰዓት ይፈጃል። ቆሞ መጠየቅ፣ መጻፍ፣ ማለፍ። በዚህ ፍጥነቴ ተመስግኜ አውቃለሁ።

ቄስ አክሊሉ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከአንኮበር ወረዳ፣ ዕድሜያቸው ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸውን አልጋ ላይ እንኳ ለማውለቅ የተቸገሩ ሰው። አንጀታቸው እንደኔው ተጠምዝዞ ነበር። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ራውንድ ስወጣ አልጋቸውን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ አስተማሪ የሆነው ልጃቸው ሰሎሞንና ሚስቱ ከበዋቸዋል። የገበያ ቀን ስለነበር ክፍሉ በጠያቂ ሞልቷል። ከእግርጌያቸው ቆምኩ። ማዳመጫዬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አላወጣሁትም።

«አባ፣ አየር ወጣልዎት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር አማት በምራቱ ፊት ሳሉን እንኳ ያፍናል። ምራቱም በሱ ፊት ስትቀመጥ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ታስተካክላለች። ቄስ ሲሆኑ ደግሞ ሰው ሁሉ መስቀላቸውን ተሳልሞ የሚያልፋቸው ሰው ናቸው። እኔ ያን ሁሉ የማላውቅ የባዕድ አገር ሰው አይደለሁም። ሰላ ድንጋይ ነው ያደግሁት።

ቄሱ ወደ ግድግዳው አዩ። «አዎ፣ ይመስገን» አሉ።

ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ አጥሚት ተጀመረላቸው። በማግስቱ ቁርጠት አለኝ ሲሉ «እየነቃ ነው፣ አይዞዎ» አልኳቸው። ቄስ አክሊሉ መቋሚያ ተደግፈው ቁመው ማደር የለመዱ ሰው ናቸው፤ ሕመም ሲመጣባቸው ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ቁርጠቱ መምጣትና መሄዱን ትቶ መጥቶ መቅረቱን ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ትኩሳት መጣ፣ ሆዳቸው እንደ ጣውላ ሆነ። እንደገና ሲከፈቱ የተቀጠለው ቦታ ተላቆ ተገኘ። ሁለት ቀን ቆይተው ከሰዓት በኋላ አረፉ።

አጥሚቱ ነው ያላቀቀው ማለት አይቻልም። ቀዶ ሐኪሙ እንዳሉት እንዲህ ያለው ነገር ሳይበሉም ሊደርስ ይችላል። አየሩ አለመውጣቱን ብናውቅ ግን አንድ ቀን ቀድመን ሆዳቸውን እንመረምር ነበር። ጉዳዩ ሲታይ ዳይሬክተሩ ቻርቱን አገላብጠው «ንጹሕ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። «ታካሚው አየር ማውጣታቸውን ገልጸዋል» ይላል፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ከነሰዓቱ።

ያ ቢሆን ብቻ ኖሮ ምናልባት ከሌሎቹ ሞቶች ጋር አስቀምጬው እረሳው ነበር። የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነው። ሰሎሞን ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። የአባቱ አንጀት ገና አልነቃም ከነበረ ለምን አጥሚት እንደተሰጣቸው ጠየቀኝ። ልጁ አልጮኸብኝም፤ ማወቅ ነበር የፈለገው። እኔ ግን ፈራሁ።

«አባትህ ወጥቶልኛል ብለውኛል። እኛ በቃላቸው ነው የሄድነው» አልኩት።

«አባባ ዋሹ ማለት ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደው። የነፍስ አባት ሆነው ስንቱን ሲያናዝዙ የኖሩ ሰው ሐሰት ተናግረው ሞቱ የሚለውን ይዞ አስከሬናቸውን ወደ አንኮበር ጫነ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በጉዳዩ ላይ ትንፍሽ አላልኩም። በውስጤ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቂም ነበረኝ። ዋሹኝ እል ነበር። እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ እል ነበር።

እንግዲህ ወደ አልጋዬ ልመለስ። ትዕግሥት «አዎ» ያልኩትን ጽፋ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ የአቶ ደስታ ባለቤት ከመዘዞ በፔርሙስ ያመጡትን አጥሚት በኩባያ ቀድተው አቀረቡልኝ። እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ። ያን ጊዜ ቁርጠቱ ተመልሶ ያዘኝ፤ ኩባያውን እንደያዝኩ ቄስ አክሊሉ ወደ ግድግዳው ሲያዩ ትዝ አሉኝ።

አንድ ነገር ገባኝ። «አዎ» ስል አልወሰንኩም ነበር። ልዋሽ ብዬ አላሰብኩም። ጥያቄው በአቶ ደስታ ፊት ሲወድቅ አፌ ራሱ መለሰና ተገላገለ። ሠላሳ ዓመት ስለዚህ ነገር ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ትንፋሽ አልፈጀብኝም። ታዲያ ቄሱ ምን አጠፉ? በጣም አፈርኩ፤ በአቶ ደስታ ፊት ካፈርኩት በላይ በእሳቸው ፊት አፈርኩ።

ኩባያውን አስቀምጬ ትዕግሥትን አስጠራኋት። አቶ ደስታ እንዲወጡ የምልክበት ነገር ፈልጌ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ትዕግሥት፣ ቅድም ያልኩሽ ልክ አይደለም። አልወጣልኝም። ሰርዢው፣ ሆዴንም አዳምጪልኝ» አልኳት።

አቶ ደስታ ጣሪያውን አዩ። ባለቤታቸው ኩባያውን አንስተው ክዳን ፈለጉለት። ትዕግሥት ፊቷ ቀላ፤ ሰርዛ ጻፈች፣ ማዳመጫዋን አወጣች። እጇ በረዶ ነበር። ስለ ሻዩ ያን ቀን ነገርኳት።

ያን ቀን ጾሜን ዋልኩ። ጋቢዬን አጥፌ አቅፌ ከመስኮት እስከ መስኮት ተመላለስኩ፤ ቁርጠቱ ሲመጣ ቆሜ በአፌ እተነፍሳለሁ፣ ሲለቀኝ እራመዳለሁ። በማግስቱ ከቀትር በፊት፣ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ምልልሴ ላይ፣ የሚጠበቀው እንግዳ መጣ። አቶ ደስታ ዜናውን ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ በሩ ላይ ቆመው ሴት ወልዳ ስትገላገል እንደሚባለው «እንኳን ማርያም ማረችህ» አሉኝ። ስስቅ ስፌቴ ሊበጠስ ደረሰ፤ ጋቢውን ወደ ሆዴ ጫንኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና እሳቸው ካባ ማስተካከሉን ትተናል።

ሦስት ወር ቆይቼ፣ መንገድ መቻሌን ሳውቅ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ሰሎሞን አሁንም እዚያው ያስተምራል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት። አወቀኝ። ለሰላምታ እጁን ሰጠኝ፣ ፊቱን ግን አልሰጠኝም። እናቱን ማየት እፈልጋለሁ ስለው ትንሽ አሰብ አድርጎ ይዞኝ ወረደ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰዋል። እማሆይ ሆነው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ሰሎሞን በሩ አጠገብ ቆመ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ደጋግሜ ብዬው ነበር፤ ግማሹ ጠፋኝ።

«እማሆይ፣ ቄሱ አልዋሹም» አልኳቸው። «በምራታቸው ፊት፣ በሰው መሀል ቆሜ ጠየቅኋቸው። እንዲያ አይጠየቅም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ አስተምረውኝ ነበር። ለሰሎሞንም የነገርኩት ራሴን ለማዳን ነው። እኔ ራሴ ታምሜ ስጠየቅ እንደሳቸው ነው የመለስኩት።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አንድ ሁለት ጊዜ አሳለፉ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም።

«አውቅ ነበር» አሉ። «አጠገባቸው የነበርኩት እኔ አይደለሁም? ሆዳቸው እንዳልተነፈሰ አውቅ ነበር። አዎ ሲሉህ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ልጅቱ ፊት አፈርኩ። ያፈሩበትን እንዴት ገልጬ ላዋርዳቸው?»

ሰሎሞን ከበሩ ተላቆ ወደ እናቱ ዞረ። ዘጠኝ ዓመት አባቴ ዋሽተው ሞቱ ሲል ኖሯል፤ እናቱ ደግሞ ከሱ ጋር አንድ ማዕድ እየቆረሱ እኔ ነኝ የገደልኳቸው ሲሉ ኖረዋል። አንዳቸው ለሌላው አልተናገሩም።

«ብናገር ኖሮ ይተርፉ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ነርስ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው። የተጻፈላቸው ቀን ነው እንላለን፣ ምንም ቢደረግ አይቀርም ነበር እንላለን። ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

«አላውቅም እማሆይ። አንድ ቀን ቀድመን እንደርስላቸው ነበር። ይተርፉ እንደሆነ ግን አላውቅም። የማውቀው እርስዎን ለብቻዎ ጠርቼ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ መሆኔን ነው።»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። ቂም የለበትም፤ እንደሆነው ነው የተናገሩት። ያን ያህል የከበደኝ ንግግር ግን በሥራ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ እማሆይ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። እንግዳው ገና ድውይ እንደሆነ፣ ውሃ እንኳ እንዳልቀመሰ ነግረው፣ ከምንጩ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲቀዳ ላኩት። ጥግ ላይ ያለው ጀሪካን እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ሰሎሞንም አየው፣ እኔም አየሁት። ባዶ ጣሳ ይዞ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ገጠም አደረገው።

እማሆይ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተስ ልጄ፣ ሆድህ እንዴት ነው? መቼ ነው የተነፈሰልህ?»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው።